ጉልቻው ይለወጥ፤ ጭሱስ የት ይሄዳል?

 

በዚህ ወር የጤናና የአመጋገብ ዓምዳችን የምንነጋገረው ስለምንበላው ምግብ ሳይሆን ምግቡ ስለሚበስልበት እሳት ነው። የቤታችን ምግብ የቱንም ያህል የተመጣጠነ ቢሆን፣ እርሱን የምታዘጋጀው እናት በየቀኑ ጭስ የምትተነፍስ ከሆነ ቤተሰቡ ጤናማ ነው ማለት አይቻልም።

የደጋ ዳሞትን ብርድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። በፈረስ ቤትና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች ማለዳ ከሱብሒ ሰላት በኋላ በየቤቱ ጣሪያ ስንጥቅ ጭስ እየተትጎለጎለ ሲወጣ ይታያል። ከሩቅ ለሚያየው ደስ ይላል፤ ቤቱ ሰው እንዳለበት ይመሰክራልና። ነገር ግን ያ ጭስ በጣሪያው ከመውጣቱ በፊት የት ነበር? ምጣዱ ፊት በተቀመጠችው እናት ዓይን፣ በጀርባዋ ባዘለችው ሕጻን አፍንጫ፣ ጥግ ይዘው እሳት በሚሞቁት አያት ደረት ውስጥ ነበር።

የሀገራችን ሰው “ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም” ይላል። ለወጡ ጣዕም አባባሉ እውነት ይሆናል። ለጤና ግን ጉልቻን መለወጥ ትልቅ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ብዙዎቻችን የምንዘነጋው አንድ ጉዳይ አለ። ማገዶ የሚቆጥብ ምድጃ ሁሉ ሳንባን ከጭስ ያድናል ማለት አይደለም። ስለዚህ ምድጃ ስትገዙም ሆነ ስትሠሩ ሁለት ጥያቄዎችን አንድ ላይ ጠይቁ። አንደኛው “ማገዶ ይቆጥባል ወይ?” የሚለው ሲሆን ሁለተኛው “ጭሱስ የት ይሄዳል?” የሚለው ነው።

ጭስ በሰውነታችን ላይ ምን ያደርጋል?

ማገዶ፣ ኩበት ወይም ጭራሮ በደንብ ሳይነድ ሲቀር ሁለት ዋና ዋና ጎጂ ነገሮች ይወጣሉ። የመጀመሪያው በዓይን ተለይቶ የማይታይ ጥቃቅን ብናኝ ነው። ይህ ብናኝ ከሰው ፀጉር ውፍረት ወደ 30 ጊዜ ያህል ያንሳል። ከመድቀቁ የተነሳ በአፍንጫ ሳይጣራ እስከ ሳንባ ጥልቅ ክፍል ድረስ ይዘልቃል። ሁለተኛው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ቀለምም ሽታም የሌለው ጋዝ ነው። ይህ ጋዝ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ፣ በአንድ ቀን ውስጥ በምንተነፍሰው አየር ያለው የጥቃቅን ብናኝ መጠን በአማካይ ከ15 ማይክሮግራም በሜትር ኩብ እንዳይበልጥ ይመክራል። በክፍት እሳት በሚበሰልበትና መስኮት በሌለው ማድ ቤት ውስጥ ግን መጠኑ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይሆናል። ድርጅቱ እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ከእነዚህም ውስጥ ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕጻናት ናቸው።

ጭስ የሚያመጣቸው ወይም የሚያባብሳቸው በሽታዎች በሕጻናት ላይ የሳንባ ምች፣ በአዋቂዎች ላይ ደግሞ ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ፣ የልብ ሕመም፣ ስትሮክ፣ የሳንባ ካንሰርና የዓይን ሞራ ናቸው። ስለዚህ ሲጋራ አጭሳ የማታውቅ እናት በስተርጅና ስታስልና ትንፋሽ ሲያጥራት “ብርድ መቷት ነው” ብለን ብቻ አንለፈው። ለብዙ ዓመታት ምጣድ ፊት የዋለች እናት ናትና።

ረመዳን ሲመጣ ይህ ችግር ይጨምራል። ከዐስር ሰላት በኋላ ሾርባው፣ ሳምቡሳው፣ እንጀራውና ወጡ በአንድ ጊዜ ይደርሳል። እናትና እህቶቻችን ጾማቸውን እንደያዙ፣ ጉሮሯቸው ደርቆ፣ ከጭስ ጋር ይታገላሉ። ሳይፈልጉት ወደ ጉሮሮ የገባ የምድጃ ጭስ ጾምን እንደማያፈርስ ዑለማዎች ያስረዳሉ። ጾምን አያፈርስም ማለት ግን ጤናን አይጎዳም ማለት አይደለም።

አሜሪካውያንም ከጭስ ጋር ታግለዋል

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። ዛሬ በጋዝና በኤሌክትሪክ የሚያበስሉት ሀገሮችም ከጭስ ጋር ብዙ ዘመን ኖረዋል። ከችግሩ የወጡበትን መንገድ ማወቅ ይጠቅመናል፤ የሠሩት ስህተት እኛም የምንሠራው ነውና።

ከ280 ዓመት በፊት በሰሜን አሜሪካ በፊላዴልፊያ ከተማ ቤት የሚሞቀው ግድግዳ ውስጥ በተሠራ ክፍት የእሳት ቦታ ነበር። አብዛኛው ሙቀት ከጭሱ ጋር ወደ ውጭ ስለሚሄድ እሳቱ ፊት የተቀመጠ ሰው ፊቱ እየተጠበሰ ጀርባው ይበርደዋል። በከተማዋ አቅራቢያ የነበረው ደን እየተመናመነ በመሄዱም ማገዶው ከሩቅ ይመጣል፤ ዋጋውም ውድ ነው። የፈረስ ቤትና የቡሬ ሰው ይህን ታሪክ ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ቤንጃሚን ፍራንክሊን የተባለው ሊቅ ይህን አይቶ ከብረት የተሠራ አዲስ የእሳት ቦታ ፈለሰፈ። እ.ኤ.አ. በ1744 አሠራሩን የሚያስረዳ አነስተኛ መጽሐፍ አሳተመ። የግዛቱ አስተዳዳሪ ፈጠራውን እርሱ ብቻ እንዲሸጠው መብት ሊሰጠው ቢፈልግም ፍራንክሊን አልተቀበለም። ምክንያቱ፣ እኛ ሌሎች በፈለሰፉት ነገር እንደምንጠቀም ሁሉ የእኛንም ሌሎች በነፃ ሊጠቀሙበት ይገባል የሚል ነበር። ሰውን የሚጠቅም እውቀትን አለመደበቅ በእኛም ዘንድ ትልቅ ቦታ ያለው ምግባር ነው።

ሆኖም የፍራንክሊን ምድጃ አንድ ጉድለት ነበረበት። ማገዶ ለመቆጠብ ሲባል ጭሱ በቀጥታ ወደ ላይ እንዳይወጣና መጀመሪያ ወደ ታች ወርዶ፣ በወለል ሥር ዞሮ፣ ከዚያ በኋላ ወደ ጭስ ማውጫው እንዲገባ ተደርጎ ነበር። ጭስ ወደ ላይ የሚወጣው ሙቀት እስካለው ድረስ ነው። እሳቱ ሲቀንስ ጭሱ ይቀዘቅዝና መውጣት አቅቶት ወደ ቤት ይመለሳል። ከጊዜ በኋላ ዴቪድ ሪተንሃውስ የተባለ ሌላ የፊላዴልፊያ ሰው ጭሱ በአጭር መንገድ ወደ ላይ እንዲወጣ የሚያደርግ ጎባጣ ቧንቧ ገጠመለትና ምድጃው አገልግሎት የሚሰጥ ሆነ። ውድ አንባብያን፣ ትምህርቱ እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው ፈልሳፊ ስለ ማገዶው አስቦ ነበር። ሁለተኛው ደግሞ ስለ ጭሱ መንገድ አሰበ። ምድጃው የተሟላው ሁለቱ ሲገናኙ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1753 በማሳቹሴትስ የተወለደውና ኋላ በአውሮፓ ካውንት ራምፈርድ ተብሎ የታወቀው ቤንጃሚን ቶምሰን ደግሞ በጀርመን ምድር በሙኒክ ለድሆች የሚሆን ትልቅ ማድ ቤት አሠራ። ሾርባ ለብዙ ሰው በጥቂት ማገዶ ለማብሰል እሳቱን በግንብ ከለለው፤ ለየድስቱ ልኩን የጠበቀ ቀዳዳ አበጀ፤ የአየሩን መግቢያም እንደ አስፈላጊነቱ የሚከፈትና የሚዘጋ አደረገው። እሳቱ ድስቱን እንጂ ቤቱን እንዳይልስ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ በ19ኛው ምዕተ ዓመት የብረት ማብሰያ ምድጃ በአሜሪካ ቤቶች ተስፋፋ። በኦበርሊን፣ ኦሃዮ ይኖር የነበረው ፊሎ ፔንፊልድ ስቲዋርት እ.ኤ.አ. በ1834 የፈጠራ መብት ያገኘበት ምድጃ ከታወቁት አንዱ ነው። ነገር ግን ምድጃው ሲሻሻል ሰዎች ሙቀቱን ለማቆየት ቤታቸውን ዘግተው መቀመጥ ጀመሩ። በመሆኑም ካትሪን ቢቸርና እህቷ ሃሪየት ቢቸር ስቶው እ.ኤ.አ. በ1869 ባሳተሙት የቤት አያያዝ መጽሐፍ ንጹሕ አየር ወደ ቤት የመግባቱን ነገር አጥብቀው አሳሰቡ። ምድጃው ያለበት ክፍል ከሥራ ክፍሉ በተንሸራታች በር የሚለይበትን ንድፍም አወጡ። ጥሩ ምድጃ ቢኖርም መስኮትና የተለየ ክፍል ያስፈልጋል ማለት ነው።

ወደ ሀገራችን ስንመለስ

እኛ ዘንድ ከሌላው ዓለም የተለየ አንድ ነገር አለ፤ እንጀራ። ሰፊ ምጣድን እኩል የሚያሞቅ እሳት ይፈልጋል። በብዙ የገጠር ቤቶች ከሚነደው ማገዶ ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆነው ለእንጀራ መጋገሪያ የሚውል ነው። ስለዚህ የአሜሪካም ሆነ የሌላ ሀገር ምድጃ እንዳለ መጥቶ ችግራችንን አይፈታም።

“ምርጥ” የተባለው ምድጃ ለዚህ ሲባል እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በሀገራችን የኢነርጂ ተመራማሪዎች ተሠራ። ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ድቃቂ የሚቀረጽ ሲሆን ክፍሎቹ ተገጣጥመው ምጣዱን ዙሪያውን ይከቡታል። ማገዶው በፊት ለፊት ይገባል። ትኩሱ ጭስ በኋላ በኩል ሲወጣ እዚያ ላይ ድስት ወይም ጀበና መጣድ ይቻላል። እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ጂ.ቲ.ዜድ የተባለው የጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት በአማራ ክልልም ጭምር አነስተኛ አምራቾች እየሠሩ እንዲሸጡት ድጋፍ አድርጓል። ምድጃው በሙከራ ሲለካ ከሦስት ጉልቻ አንጻር እስከ ግማሽ የሚደርስ ማገዶ ይቆጥባል። በገጠር ቤቶች በተግባር ሲታይ ቁጠባው ከዚያ ያነሰ ቢሆንም የሚናቅ አይደለም።

ለከሰል ደግሞ በቆርቆሮ ተሸፍኖ በውስጡ ሸክላ ያለው “ላቀች” የተባለው ምድጃ አለ። የተሠራው የኬንያን የሸክላ ምድጃ መሠረት በማድረግ ነው። ወጥ ለመሥራት ደግሞ “ትክክል” የተባለው ምድጃ ተዋውቋል። የዚህኛው አሠራር መነሻ አሜሪካዊው ላሪ ዊኒያርስኪ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በኦሪገን የነደፈው “ሮኬት” የሚባል ምድጃ ነው። ማገዶው ከታች በጎን ይገባል፤ እሳቱ በጠባብ ቀጥ ያለ መንገድ ወደ ላይ ይወጣል። በዚህ ጊዜ ሙቀቱ ስለማይባክን ጭሱ ራሱ ከፊሉ ይቃጠላል። ከፍራንክሊን የጀመረው ፍለጋ በዚህ መንገድ እኛም ማድ ቤት ደርሷል።

ጥናቶች ምን አሳዩ?

እውነቱን መደበቅ አይገባም። እነዚህ ምድጃዎች ማገዶ ይቆጥባሉ፤ ጭሱንም ይቀንሱታል፤ ነገር ግን አያጠፉትም። በማላዊ ከ10,000 በላይ ሕጻናት የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ ሲሆን፣ የተሻሻለ የማገዶ ምድጃ የተሰጣቸው ቤተሰቦች ልጆች ክፍት እሳት ከሚጠቀሙት ልጆች ያነሰ የሳንባ ምች እንዳልያዛቸው ተገኘ። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያም የተሻሻለ የእንጀራ ምድጃ ለሕጻናት የመተንፈሻ አካል ሕመም የሚሰጠውን ጥቅም የመረመረና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት ግልጽ የሆነ ለውጥ አላገኘም። በአንጻሩ በጓቲማላ የጭስ ማውጫ ቱቦ ያለው ምድጃ የተሰጣቸው ቤተሰቦች ላይ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ ጥናት ከባድ የሳንባ ምች በሲሶ ያህል ቀንሶ ታይቷል።

ከዚህ የምንረዳው ምንድን ነው? ምድጃውን መለወጥ ጅምር እንጂ መጨረሻ አይደለም። ምርጥ ምድጃ ገዝተን መስኮት በሌለው ቤት ውስጥ ካስቀመጥነው፣ ጎኑም ላይ ሦስቱን ጉልቻ እንደ ወትሮው ካነደድን፣ ማገዶ ቆጠብን እንጂ ሳንባችንን አላዳንንም። ማገዶ መቆጠቡም ግን ትንሽ ነገር አይደለም። እህቶቻችን ከጀርባቸው ሸክም ይቀልላቸዋል፤ ባሕር ዛፉ ተሽጦ ለልጆች ልብስና ደብተር ይሆናል፤ ኩበቱም ወደ እርሻው ይመለሳል።

“ብርዱንስ ምን እናድርገው?”

የደጋ ሰው ይህን ቢጠይቅ ትክክል ነው። በፈረስ ቤት እሳት ማብሰያ ብቻ ሳይሆን ማሞቂያና መብራትም ነው። የተከለለ ምድጃ እሳቱን ስለሚሸፍነው ቤቱ ይቀዘቅዛል። አንዳንድ ሰዎች አዲሱን ምድጃ ትተው ወደ ጉልቻው የሚመለሱትም በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ማብሰልንና መሞቅን ለዩአቸው። የማብሰያውን እሳት ከመኝታ ቤት አውጡት። ለሙቀት ሲባል የሚነደውን እሳት በደረቅ እንጨት፣ በርና መስኮት ከፍታችሁ አቀጣጥሉት። ቤቱን ደግሞ የግድግዳውን ስንጥቅ በጭቃ በመምረግ አሙቁት። ወደ ጣሪያ የተጠጋውን የጭስ መውጫ ግን አትድፈኑት።

በተለይ ከሰልን ተጠንቀቁ። ከሰል ጭስ ስለሌለው ንጹሕ ይመስላል። ነገር ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ በብዛት ይወጣዋል። ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ ተያይዞ ቤተሰብ ተኝቶ ሳይነሳ የቀረበት አሳዛኝ አጋጣሚ በሀገራችን በተደጋጋሚ ተሰምቷል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በምንተኛበት ጊዜ በቤታችን እሳት ነዶ እንዳይተው አስተምረውናል። በቡና ላይ የምናጨሰውም ዕጣን ከከሰሉ ጋር ስለሚደመር ቡናው ሲፈላ መስኮት ክፈቱ። ከሰል ባለበት ቤት ውስጥ ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ የጀመረው ሰው ካለ ቶሎ ወደ ንጹሕ አየር አውጡትና ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ምን እናድርግ?

1ኛ. ማገዶውን አስቀድማችሁ ፍለጡና አድርቁ። እርጥብ እንጨት አብዝቶ ይጨሳል። ለክረምት የሚሆነውን በበጋ ፈልጣችሁ ዝናብ በማያገኘው ቦታ ደርድሩት።

2ኛ. ማድ ቤቱን ከመኝታ ቤት ለዩ። ካልተቻለ በሁለት ተቃራኒ ግድግዳዎች ላይ፣ ወደ ጣሪያ ተጠግቶ፣ የአየር መተላለፊያ ክፈቱ። ጭስ ወደ ላይ ስለሚወጣ ከታች ያለ መስኮት ብቻውን አይበቃም።

3ኛ. ለምድጃው የጭስ ማውጫ ቱቦ ካሠራችሁ ከጣሪያው በላይ ከፍ ይበል። ጥላሸቱን በየጊዜው ጥረጉ። ቤቱ የሣር ክዳን ከሆነ ቱቦው ሣሩን ፈጽሞ እንዳይነካው አድርጉ።

4ኛ. ባቄላ፣ አተርና ሽምብራን ከማብሰላችሁ በፊት ሌሊቱን በውኃ ዘፍዝፉ። ቶሎ ይበስላል፤ ለሆድም ይስማማል። ድስቱንም ክደኑት።

5ኛ. እሳት ለማያያዝ ፌስታል፣ ላስቲክ ወይም የጫማ ሶል አትጠቀሙ። ጭሱ መርዛማ ነው።

6ኛ. ምጣድ ሲታሰስና እንጀራ ሲጋገር ሕጻን አታዝሉ። ሕጻኑን ሌላ ሰው ይያዘው።

7ኛ. በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና መብራት ባለበት ሁሉ አቅም ካላችሁ በኤሌክትሪክ ምጣድ ጋግሩ። ማድ ቤቱን ከጭስ ሙሉ በሙሉ ነፃ የሚያደርገው እርሱ ነው። የሽቦውን መስመር ግን ባለሙያ ይዘርጋው።

8ኛ. የሚያስል ሕጻን ትንፋሹን ቁጠሩ። ከ2 እስከ 11 ወር ያለ ሕጻን በደቂቃ 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ያለ ሕጻን ደግሞ 40 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ወይም ሲተነፍስ የታችኛው ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

የአባወራው ድርሻ

ይህ ጽሑፍ ለእህቶች ብቻ የተጻፈ እንዳይመስላችሁ። መስኮቱን የሚከፍተው፣ ማድ ቤቱን የሚሠራው፣ ምድጃውን የሚገዛው አብዛኛውን ጊዜ አባወራው ነው። ለበሬና ለቆርቆሮ ክዳን ገንዘብ የሚያጠራቅም ወንድም ለምድጃ ሲሆን “ኋላ ይደርሳል” ማለት የለበትም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በቤታቸው ውስጥ ቤተሰባቸውን በሥራ ያግዙ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነግረውናል። ራስንም ሌላውንም አለመጉዳት የሃይማኖታችን ታላቅ መርህ ነው። ማባከንም የተከለከለ ነው። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ዋቂዓ የምናቀጣጥለውን እሳትና የእሳቱን ዛፍ ያስገኘው እርሱ መሆኑን እንድናስተውል ያደርገናል። ይህን ጸጋ በአግባቡ መጠቀምም ከምስጋናው ክፍል ነው።

ስለዚህ ውድ አንባብያን፣ ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ስትጨርሱ አንድ ነገር እንድታደርጉ እንጠይቃችኋለን። ነገ እንጀራ ሲጋገር ማድ ቤት ገብታችሁ አጠገቧ ጥቂት ደቂቃ ተቀመጡ። ዓይናችሁ ካነባ፣ ካሳላችሁ፣ የጎደለውን ነገር እዚያው ታገኙታላችሁ። ከዚያም ጭሱ የት እንደሚሄድ ተከታተሉና መንገድ አብጁለት።

አላህ ቤታችንን የጤናና የበረካ ቤት ያድርግልን። አሚን።